«ሙሉ ዲናሞ ይቀየር» ለሚሉ

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ስለ መኪና ስጽፍ ከወጪ ብጀምር አይፈረድብኝም። መኪናዬ በፈረንጆች አቆጣጠር 1998 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ከአባቴ የወረስኳት፣ 1.3 ሊትር፣ በቤንዚን የምትሄድ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ይህችን ሸጦ የተሻለች መግዛት እንደ እኔ ላለ ደመወዝተኛ የማይታሰብ ነው። ያለችውን እየጠገኑ መኖር ነው። ስለዚህ ባለሙያ «ሙሉው ይቀየር» ሲለኝ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከሙሉው ውስጥ የተበላሸው የቱ ነው? ለዚህ መልስ እስካላገኘሁ ድረስ ገንዘቤ ከቦርሳዬ አይወጣም።

ባለፈው ክረምት ተራው የዲናሞው ሆነ። ከሜክሲኮ ወደ አያት ማታ ስመለስ ዝናብ መጥረጊያው፣ የፊት መብራቱና የመስታወት ማድረቂያው አብረው ይሠራሉ። መገናኛ አካባቢ መንገዱ ተዘግቶ ስቆም የፊት መብራቱ ይደበዝዛል፤ ነዳጅ ስሰጥ ይደምቃል። ከዚያ የባትሪው ምልክትና የእጅ ፍሬኑ ምልክት ሁለቱም አንድ ላይ፣ ደብዘዝ ብለው፣ ዳሽቦርዱ ላይ በሩ። አሮጌ ቶዮታ የነዳ ሰው ይህን ጥምረት ያውቀዋል፤ የእጅ ፍሬኑ ሳይያዝና የፍሬን ዘይቱ ሳይጎድል ሁለቱ አብረው ከበሩ መጠርጠር ያለበት የባትሪ መሙያው ክፍል፣ ማለትም ዲናሞው ነው።

ባትሪ ሻጩ ባትሪው ነው አለ። ጋራዡ ሙሉ ዲናሞ ይቀየር አለ። ሁለቱም ኮፈኑን ከፍተው አይተዋል፤ ሁለቱም ግን አልለኩም። ባትሪ ጎተራ ነው እንጂ እርሻ አይደለም፤ ሞተር ለማስነሣት የሚያስፈልገውን ያከማቻል፣ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ግን መብራቱንም ማቀጣጠያውንም ማራገቢያውንም የሚመግበው ዲናሞው ነው። ዲናሞው ሳይሞላ አዲስ ባትሪ መግዛት የአዲሱን ባትሪ ዕድሜ ማሳጠር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ መልቲሜትር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ይገባል። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የሚገኘው ተራው፣ ቢጫው፣ ርካሹ ይበቃል። ወደ ዲሲ 20 ቮልት አዙሩት፤ ቀዩን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን በነጋቲቭ ላይ። ጠዋት፣ መኪናዋ ሌሊቱን ቆማ ካደረች በኋላ፣ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሹ ወጥቷል፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ሞተሩን ማስነሣት። ጤነኛ ዲናሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ ያደርሰዋል። የእኔዋ ጠዋት 12.3 ነበረች፤ ሞተሩ ተነሥቶ 12.9፤ የፊት መብራትና ማድረቂያው ሲከፈት 12.4። ይህ ማለት ዲናሞው ባትሪውን እንደሚገባው እየሞላ አይደለም።

ይህን አይታችሁም ወደ ዲናሞው አትሩጡ። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያ ከላላ ወይም እንደ መስታወት ካብለጨለጨ በዲናሞው ፑሊ ላይ ይንሸራተታል፤ በተለይ እርጥብ ጠዋት ላይ ሲጮህ ይሰማል። የባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከተጋገረ ፈቶ በሙቅ ውሃ ማጠብና በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት ነው። ከባትሪው ነጋቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ቦዲው የሚሄደው ሽቦ እንዳልላላ ማየት። ፊውዙንም እንዲሁ። ደግሞ ብዙ ሰው የማይሠራው አንድ መለኪያ አለ፦ ሞተሩ እየሠራና መብራት በርቶ አንዱን የመልቲሜትር ጫፍ ዲናሞው ጀርባ ላይ ወፍራሙ ሽቦ በሚታሰርበት ቡሎን ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ማድረግ። እዚያ ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበባችሁ ጥፋቱ ያለው በመሀል ባለው ሽቦ ወይም ማሰሪያ ላይ ነው። እጃችሁንና ነጠላችሁን ከቺንጊያው አርቁ እንጂ ሥራው የደቂቃዎች ነው። የእኔ ቺንጊያ ደኅና ነበር፤ ሽቦውም 0.1 ብቻ።

ቀጥሎ መልቲሜትሩን ወደ ኤሲ ቮልት አዙሮ ሞተሩ እየሠራ እዚያው ባትሪው ላይ መለካት ነው። ዲናሞ ውስጡ የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኃይል ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያስተካክሉት ዳዮዶች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ከተቃጠለ ኤሲው ወደ ውጭ ያመልጣል። ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ ዳዮድ ጠርጥሩ። የእኔው በጣም ጥቂት ነበር።

ከሁሉም የምወደው ግን መለኪያ የማይፈልገው ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት ወደ ዲናሞው ሮተር፣ ማለትም ውስጡ ወደሚሽከረከረው ክፍል፣ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይገባና ሮተሩ ማግኔት ይሆናል። የካቻቪቴን ጫፍ ወደ ፑሊው መሀል ዳዶ ብታስጠጉት ጤነኛው ጠበቅ አድርጎ ይስበዋል። የእኔው ይስበዋል አይስበውም ብዬ እስክጠራጠር ድረስ ለስለስ ያለ ነበር። ማግኔቱ ጠንካራ ሆኖ የማይሞላ ከሆነ ችግሩ ወደ ዳዮዱ ወይም ወደ ስቴተሩ (በሮተሩ ዙሪያ ወዳለው የማይዞር ጥቅል ሽቦ) ያዘነብላል። ማግኔቱ ደካማ ከሆነ ወይም ከሌለ ካርቦኑ (ኤሌክትሪክ ወደ ሮተሩ የሚያደርሰው)፣ ሬጉሌተሩ (ቮልቱን የሚቆጣጠረው) ወይም ሮተሩ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ደግሞ በአሮጌ መኪና አስቀድሞ የሚያልቀው ካርቦኑ ነው። አንድ ካቻቪቴ ይህን ያህል ይናገራል።

አሁን ደም የሚያፈላኝን ነገር ልናገር። ጋራዥ ውስጥ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ነጋቲቭ ነቅሎ «ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቁልፉን ተቀብላችሁ ሂዱ። ባትሪው ከመሥመር ሲወጣ የዲናሞውን ድንገተኛ ግፊት የሚውጥ ነገር አይኖርም፤ ቮልቱ በቅጽበት ከተገቢው በብዙ እጥፍ ሊዘልል ይችላል። ሬጉሌተሩን፣ ሬዲዮውን፣ ከሁሉ በላይ የሞተሩን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። በድሮዎቹ ላዳዎች ዘመን ብዙም ጉዳት ያላመጣ ዘዴ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተር ባላት መኪና ላይ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ዋጋ በብር አልጽፍም፤ ይህን በምታነቡበት ቀን ሌላ ስለሚሆን። የሁሉንም ዋጋ የለካሁት በአዲስ ባትሪ ነው፤ እኔ ባጠያየቅሁበት ሰሞን ማለት ነው። አዲስ ኦሪጂናል ዲናሞ ሦስት ባትሪ። የታወቀ ስም የሌለው፣ በካርቶን የሚመጣው አዲስ አንድ ባትሪ ተኩል። ከዱባይና ከሻርጃ ተፈትቶ የሚመጣው ያገለገለ አንድ ባትሪ ገደማ። የራሴን ፈትቶ ካርቦንና ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበትን) መቀየር፣ የእጅ ዋጋ ጨምሮ፣ ከሩብ ባትሪ ትንሽ ፈቅ ያለ።

ያገለገለውን ብዙ ሰው ይመርጣል። እኔ ግን ከአራቱ በጣም ውዱ እሱ ነው ባይ ነኝ። ያ ዲናሞ ከወጣበት መኪና ላይ ስንት ዓመት እንደሠራ የሚያውቅ የለም፤ ካርቦኑም ኩሽኔታውም የእኔውን ያህል ያለቀ ሊሆን ይችላል። አንድ ባትሪ ከፍዬ የሌላ ሰው ያለቀ ካርቦን ከመግዛት በሩብ ባትሪ የራሴን አዲስ ካርቦን ማስገባት ይሻላል። የግድ ያገለገለ የሚገዛ ግን ከኋላ ያለውን ሽፋን አስፈትቶ ካርቦኑን ይይ፤ ፑሊውን በእጁ አሽከርክሮ ይስማ፤ ዘንጉን ወደ ጎን ነቅነቅ ያድርግ፤ አፍንጫውንም ያስጠጋ፤ የተቃጠለ ጥቅል ሽቦ ሽታው አይጠፋም። የሶኬቱ ቅርፅና የቀዳዳዎቹ ቁጥር ከራሱ ጋር አንድ መሆኑን፣ ላዩ ላይ የተጻፈው አምፒርም ከቀድሞው አለማነሱን ያረጋግጥ። መብለጡ ጉዳት የለውም። ከሁሉ በላይ ሻጩ «መኪናሽ ላይ ካልሠራ መልሺ» ብሎ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ይጻፍ። በቃል ብቻ የሚል ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ አልገዛም።

የእኔን ዲናሞ የሠራው ባለሙያ ያለው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ከአንድ ቆርቆሮ በር ጀርባ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ወረፋው ለእኔም ይረዝምብኛል። ዲናሞና ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) ብቻ ነው የሚሠራው። መኪናዋን እስከዚያ ያደረስኳት ጠዋት በብርሃን፣ ሬዲዮና ማራገቢያ አጥፍቼ ነው። ሁለቱ የፊት መብራቶች እያንዳንዳቸው 55 ዋት ናቸው፤ ብቻቸውን ወደ 9 አምፒር ይበላሉ። ባትሪዬ 45 አምፒር ሰዓት ነው፤ ያውም ሙሉ ያልሆነ። ማታ ብወጣ መንገድ ላይ ልታድር ትችል ነበር፤ በቀን ግን ከአያት እስከዚያ ያለ ጭንቀት ደረሰች።

«ልጄ፣ ዲናሞው ሞቷል ያለሽ ማን ነው?» አለኝ፣ ገና ከመፍታቱ በፊት።

«ጋሼ፣ ጋራዥ ነው ያለኝ። እኔ ግን ካርቦን ነው ብዬ እገምታለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝና ምንም አላለም። ለካ መልሱን በእጁ ነበር የሚሰጠው።

የፑሊውን ዳዶ ለመፍታት አሮጌ ቺንጊያ ፑሊው ላይ ጠመጠመና በሞርሳ ውስጥ ጨበጠው፤ ብረት ለብረት ቢያዝ የፑሊው መሥመር ይጎዳል። ከዚያ የኋላውን የቆርቆሮ ሽፋን ሦስት ዳዶዎች ፈታ። ከሥሩ የካርቦኑ ቤት፣ ሬጉሌተሩና የዳዮዱ ሳህን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የካርቦኑን ቤት በሁለት ብሎን ፈትቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ሁለት ጥቁር፣ ባለ አራት ማዕዘን ትንንሽ ዘንጎች ከቤታቸው ወጣ ማለት ነበረባቸው። ለዚህ ዓይነቱ ዲናሞ አዲስ ካርቦን 10.5 ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ ይታያል፤ 1.5 ሚሊ ሜትር ሲቀር ዕድሜው አልቋል። የእኔው አንደኛው ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይቀረዋል፤ ሌላኛው ግን ከቤቱ አፍ ጋር እኩል ሆኗል። ስፕሪንጉ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ከዚያ በላይ የሚገፋው የለውም። ካርቦኑ ሮተሩ ላይ ያለውን የመዳብ ቀለበት አንዳንዴ ይነካዋል፣ አንዳንዴ አይነካውም። መብራቱ የሚደበዝዘውና የሚደምቀው፣ ማግኔቱም የለሰለሰው በዚህ ነው።

ሮተሩን አውጥቶ ሁለቱን ቀለበቶች በመልቲሜትር ለካ፤ 2.9 ኦም። ለዚህ ዲናሞ ሦስት አካባቢ መሆኑ ጤና ነው። ከቀለበቱ ወደ ዘንጉ ሲለካ ደግሞ ምንም መገናኘት የለም፤ መኖርም የለበትም። የስቴተሩ ጥቅል ሽቦ ቀለሙ ንጹሕ ቡናማ ነው፤ ጥቁር ጠባሳ የለበትም። ዳዮዶቹን በየተራ ለካቸው፦ ወደ አንድ አቅጣጫ ያሳልፋሉ፣ ሲገለበጡ ይዘጋሉ። ቀለበቶቹ ላይ ግን ካርቦኑ ጥቁር መሥመር አስምሮባቸዋል። ሮተሩን በእጁ እያሽከረከረ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን አጸዳ። ወደ ጎን አይሽም፤ ዙሪያውን ብቻ፣ መዳቡ ቀይ ሆኖ እስኪያበራ። ኩሽኔታውን ጆሮው አጠገብ አድርጎ አሽከረከረና ለእኔም ሰጠኝ። ውስጡ አሸዋ የገባበት ይመስል ያንኮራፋል።

ሶማሌ ተራ ሄጄ የምገዛውን በወረቀት ጻፈልኝ፤ የፊቱ ኩሽኔታ ቁጥሩ 6303 ነው፣ የኋላውንም አሮጌውን አስይዞኝ። መርካቶ ውስጥ ሶማሌ ተራን የማያውቅ የመኪና ባለቤት ያለ አይመስለኝም፤ ገና መንገዱ አፍ ላይ «እናቴ፣ ምን ጠፋሽ?» የሚሉ ልጆች ይቀበሏችኋል። ክፉዎች አይደሉም፤ ግን የሚወስዷችሁ ድርሻ ወደሚያገኙበት ሱቅ ነው፤ ያ ድርሻ ደግሞ ከእናንተ ይወጣል። እኔ የማደርገው አሮጌውን ዕቃ በእጄ ይዤ፣ ሳልቆም፣ ሦስት ሱቅ ጠይቄ ወደ መካከለኛው ዋጋ መመለስ ነው። ዝቅተኛው ዋጋ ብዙ ጊዜ ሐሰተኛ ዕቃ ነው። ኩሽኔታ ላይ የታወቀ የጃፓን ስም መጻፍ ለማንም አያቅትም፤ ጽሑፉ በብረቱ ላይ ጥርት ብሎ መቀረጹን፣ ቀለበቱ ላይ ዝገት አለመኖሩን፣ በሁለቱም በኩል የላስቲክ ሽፋን እንዳለው ማየት ነው። አሽከርክሩት፤ ከለቀቃችሁት በኋላ ያለ ድምፅ ዞሮ ቀስ ብሎ መቆም አለበት። ካርቦኑን ደግሞ በመልክ አትግዙት፤ ርዝመቱ ቢበልጥ ግድ የለም፣ ውፍረቱና ስፋቱ ግን ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። ወፍራሙን ሲሚንቶ ላይ ፍቆ የሚያስገባ ባለሙያ አለ። ጎኑ ተንሻፎ ቤቱ ውስጥ ይጣበቃል፤ ያኔ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ስመለስ አሮጌዎቹን ካርቦኖች በስታኞ ማቅለጫው አላቆ አዲሶቹን አሰናዳ። ስፕሪንጉን ካርቦኑ ጭራ ላይ ባለው ጥሩ የመዳብ ገመድ ላይ ሰካ፣ ገመዱን በቀዳዳው አሳልፎ ሳበ፣ ከፊት የወጣው ርዝመት በማስመሪያ 10.5 ሲደርስ በጥርሱ ያዘውና በስታኞ በየደው። በጥርሱ ሲይዝ «ጋሼ፣ ይፋጃል እኮ» አልኩ። «ሠላሳ ዓመት አልፈጀኝም» አለ፣ አፉን ሳይከፍት። ከዚያ ካርቦኑን በጣቱ ገፋ አድርጎ ሲለቀው ሳይንገራገጭ ተመልሶ ወጣ። ትርፉን ገመድ ቆረጠው፤ ሥራው አለቀ።

ጥገና የማያዋጣበት ጊዜም አለ። ስቴተሩ ከተቃጠለ፣ ሮተሩ ከዘንጉ ጋር ከተገናኘ፣ ወይም የአሉሚኒየሙ ቤት ጆሮ ከተሰበረ እኔ ሌላ ዲናሞ እገዛለሁ። ጥቅል ሽቦውን በእጅ የሚጠቀልሉ ጥሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ለከባድ መኪና ዲናሞ ያዋጣ ይሆናል፣ ለትንሽ የቤት መኪና ግን የጥቅሉ ዋጋ ካገለገለው ዲናሞ ጋር ስለሚቀራረብ ሒሳቡ አይመጣልኝም። ሬጉሌተሩ ብቻ ከሆነ ለብቻው ይሸጣል፤ በዚያ ምክንያት ሙሉውን የሚጥል ሰው ጉዳዩን አላጣራም።

ዲናሞው ከመታሰሩ በፊት ባለሙያው ባትሪውን በቻርጀር እንዲሞላው ጠየቅሁት። ባዶ ባትሪ አስገብቶ አዲስ የተሠራን ዲናሞ ሙሉውን ሸክም ማሸከም ተገቢ አይደለም፤ ዲናሞ የተሞላውን ባትሪ ለመጠበቅ የተሠራ እንጂ የሞተውን ለማስነሣት አይደለም። ታስሮ ሲነሣ 14.2 ቮልት፤ መብራቱ፣ ማድረቂያውና መጥረጊያው ተከፍተው 13.9። ሁለቱ ቀይ ምልክቶች ጠፍተዋል። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ጎረቤቴ ታሪኩን ስነግረው ዲናሞ የሚባል ነገር የለኝም ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፤ የእሱን ትንሽ ባትሪ የሚሞላው ከትልቁ ባትሪ ቮልት ዝቅ የሚያደርግ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። ያ መሣሪያ ሲበላሽ ግን ካርቦን ቀይሮ የሚያስነሣለት ባለ ቆርቆሮ በር የት እንደሚገኝ እስካሁን አልነገረኝም።

ባለሙያው ሲያስረክበኝ የዲናሞውን ጎን በጨርቅ ጠርጎ ጨርቁን አሳየኝ። ከላይ ያለው የመሪ ዘይት ቱቦ ያነጥባል፤ ዘይቱ ዲናሞው ውስጥ እየገባ ካርቦኑንና ቀለበቱን ያቆሽሻል። ላቫጆ ውስጥ ሞተሩን በግፊት ውሃ የሚያጥቡ ልጆችንም ዲናሞውን በፌስታል እንዲሸፍኑ እንድነግራቸው አስጠነቀቀኝ። ሁለተኛው ወጪ የለውም። ለቱቦው የተጠየቅሁት ግን ከግማሽ ባትሪ በላይ ነው፤ የትኛው ክፍሉ እንደሚያነጥብ ገና እያጣራሁ ነው፤ የላስቲክ ቀለበቱ ብቻ ከሆነ ዋጋው ከምሳ አይበልጥም ብለውኛል።